እናቴ ጎተራ ውስጥ ስታርፍ

ነገሩ ሁሉ የጀመረው እናቴ ማርልቦሮ ባቡር ጣቢያ ቆማ እንቅልፍ ወስዷት ሁለት ባቡር ካለፋት በኋላ ነው። ሦስተኛው ሲመጣ አንዲት የማታውቃት ሴት ትከሻዋን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰቻት። ቤት ገብታ እንደ ቀልድ ነገረችን። አባቴ አልሳቀም። እኔ ግን ስቄያለሁ፤ የራስ እናት እንደ ፈረስ ቆማ ስትተኛ ማሰብ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ያስቃል።

ሐኪሟ እረፍት ውሰጂ አላት። ሐኪሟ እናቴን አያውቃትም ማለት ነው። እዚህ ካናዳ፣ በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ሲታመም ሆስፒታል አብራው ገብታ የምታስተረጉምለት እሷ ናት። እንግሊዝኛ ደብዳቤ የመጣበት ሰው ፖስታውን ሳይከፍት ይዞላት ይመጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ያጠፋበት አባት ራሱ ከመሄዱ በፊት ለእሷ ይደውላል። ይህ እንግዲህ ከሥራዋ ውጪ ያለው ነው፤ ሥራዋ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፣ እዚያም ቀኑን ሙሉ የሚጠሯት አሉ። ቤት ብታርፍ ስልኩ አያስቀምጣትም። ስልኩን ብታጠፋ በር ይንኳኳል።

አብራት የምትሠራ አንዲት ታይላንዳዊት አለች። ይህች ሴት በሰሜን ታይላንድ ገጠር ውስጥ እህቷ ሦስት ክፍል ለእንግዳ የምታከራይበት ቤት እንዳላት፣ ቅዳሜና እሁድ የከተማ ሰው እንደሚሞላው፣ በሥራ ቀን ግን ዶሮና ዳክዬ ብቻ እንደሚቀሩ ለዓመታት ስትነግራት ኖራለች። እናቴን የማረካት «በሥራ ቀን» የሚለው ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ከቀረች ይታወቃላ።

ፕላኑ እንዲህ ነበር። እሁድ አምልኮ እንዳለቀ ወደ ኤርፖርት፣ ማክሰኞ መድረስ፣ ማክሰኞን ረቡዕንና ሐሙስን ማረፍ፣ ዓርብ መመለስ፣ እሁድ ምንም እንዳልተፈጠረ የተለመደው ወንበሯ ላይ መቀመጥ። ሦስት ቀን ለማረፍ የምድርን ግማሽ መዞር። አባቴ ስልኩ ላይ ካርታውን ከፍቶ አየው፣ ከዚያ ዘጋው። እሱ በዚያ ሳምንት ጭነት ይዞ ወደ ቫንኩቨር ሊነዳ ነበር። የእኔ ትምህርት ቤት ደግሞ ለኅዳር እረፍት ዝግ ነበር። ስለዚህ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ተመረጥኩ።

ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ ልል ነበር፣ እኛ ቤት አይማልም። ሕግ አወጣችልኝ፦ አንዋሽም፣ ግን አንናገርም። ሦስት ቀን ማንም ሳይፈልጋት መኖር ትፈልጋለች፤ በሕይወቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ይኼ ነው። እኔ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ታይላንድ ሄዶ አንድም ፎቶ አለመለጠፍ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ሰው ይገባዋል። እሺ አልኩ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የስልክ ጸሎት አለ። አርባ የሚሆን ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት በአንድ መስመር ይገናኛል። አንዱ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፣ አንዱ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ አንዱ ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ይፍቃል። እናቴ ይህን ጸሎት ዘጠኝ ዓመት ስትመራ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ድምፅዋ ተዘግቶ በሹክሹክታ የመራች ዕለት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንድ ሰው ሾርባ ይዞ በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ጭራሽ ብትቀር ምን እንደሚሆን አስቡት። ደግነቱ ካልጋሪ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ታይላንድ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚያው ሆና ትመራለች፣ ማንም አያውቅም። እኔም የሚዩት ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ፤ ስትናገር መስመሩን እከፍታለሁ፣ ስትጨርስ እዘጋለሁ። ከባድ ሥራ አይመስልም ነበር።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ደረስን። ቤቱ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፣ ሥሩ ባዶ ሆኖ ሞተር ሳይክልና ዶሮዎች ይኖሩበታል። ዙሪያውን ግማሹ የታጨደ፣ ግማሹ ገና ቢጫ የሆነ የሩዝ ማሳ ነው። ባለቤቲቱ የእናቴ እኩያ ትሆናለች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት። እንግሊዝኛዋ ሃያ ቃል አይሞላም። እናቴ ትንሽ ሞከረቻትና ተወችው፤ እንግሊዝኛ ለሁለታችንም የሰው ነው ብላ በአማርኛ ታወራት ጀመር። ሴትዮዋም ወዲያው ገብቷት በራሷ ቋንቋ ትመልስላታለች። እናቴ «እህቴ» ትላታለች። ተግባብተዋል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ከእኔና ከእናቴ በተሻለ።

ከቤቱ ጀርባ ማሳው ላይ ወጣ ያለ የእንጨት መደብ አለ፣ በሁለት ምሰሶ መሀል ተንጠልጣይ አልጋ ታስሮበታል። እዚያ ሲቀመጡ ከእግር በታች ውሃ ነው፣ ዳክዬዎች በሰልፍ ያልፋሉ። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁበት። እናቴ ግን ቆማ አየችውና ከጸሎቱ በኋላ አለች።

ጸሎቱ ደረሰ። መስኮቱን ዘጋች። ማራገቢያው ድምፅ አለው ብላ አጠፋችው። ክፍሉ ውስጥ እንደ ዳቦ መጋገር ጀመርን። ካልጋሪ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር። እናቴ ላቧ ባገጯ እየተንጠባጠበ «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ብርድ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ሕጉ ትዝ አላት። «በብርድ ውስጥ ላሉት» ብላ ቀጠለች። ትራሱን አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ማርልቦሮ የሚኖሩት፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው አሮጊት፣ የጸሎት ርዕስ ከመስጠታቸው በፊት፣ እንደ ልማዳቸው፣ በረዶ ጠራጊው መኪና በእናንተ መንገድ አልፏል ወይ ብለው እናቴን ጠየቋት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና «እስካሁን አላየሁም እትዬ» አለች። እውነቷን ነው፣ አላየችም። እኔን ለማየት አልደፈረችም እንጂ ሳቋን እንደዋጠች አውቄያለሁ።

ያን ጊዜ ነው ከእግራችን በታች አውራ ዶሮው የጮኸው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ዶሮ የሚጮኸው ሰው ምን ሲያደርግ እንደሆነ ያውቃል። የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። እኔ መስመሩን እስክዘጋ ሁለተኛውንም ጨመረ። መስመሩ ላይ ጉርምርምታ ተነሳ፤ አውራ ዶሮ የማን ነው፣ ካልጋሪ ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል ወይ ተባለ። ያዳኑን ሞንተሬይ ፓርክ የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ኤርትራዊ ናቸው፣ በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከሁላችንም ይጠራል። ስልካቸውን ሚዩት አድርገው አያውቁም፤ ማንቆርቆሪያቸው ሲፈላ፣ ነጠላ ጫማቸው ሲጎተት አርባ ሰው ይሰማል። እሳቸው ናቸው እንግዲህ ይህ የአንዳችሁ ስልክ ደወል ነው፣ ከጸሎት በፊት ስልክን ማስተካከል ጨዋነት ነው ብለው ሁሉንም የገሠጹት። እናቴ አሜን አለች።

እናቴ ያን ምሽት መደቡ ላይ አልተቀመጠችም። ደክሟት አልነበረም፣ ስለ ሐሙስ እያሰበች ነበር።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ጸጥ ያለ ቦታ ስንፈልግ ዋልን። ለዕረፍት የመጣች ሴት ከቁርስ በኋላ ስልክ ይዛ ከቦታ ቦታ ትዞራለች። እኔ ራቅ ብዬ በሌላው ስልክ አዳምጣለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ያስተጋባል። የተከራየነው መኪና ውስጥ ዝንብ አለ። ወጥ ቤቱ አይታሰብም፣ ባለቤቲቱ ሙቀጫ ይዛ ጥሬ ፓፓያ ለሰላጣ ስትወቅጥ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። መደቡ ጋ ስንደርስ ቆም አልን። ነፋሱ በሩዙ ላይ ይሮጣል፣ ወፍ አለ፣ ውሃ አለ፣ ዳክዬ አለ። እናቴ አዳመጠችና፣ ይኼማ በጣም ይጮኻል ብላ አለፈች።

ምሳ ላይ ባለቤቲቱ ፓፓያውን አቀረበች፣ እንግዳ ናቸው ብላ አንድ ቃሪያ ብቻ አድርጋበት። እናቴ ቀመሰችና አዘነች። ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፣ ሙቀጫውን ወሰደች፣ አምስት ጨመረች። ሴትዮዋ ቆማ አየቻት፣ ሰባተኛውን ራሷ ጨመረች። ሁለቱም እንባቸው እየወረደ በሉ፣ አንዳቸውም ውሃ አልጠየቁም። ውሃ የጠጣሁት እኔ ነኝ። በሦስት ቀን ውስጥ እናቴ ስልኩን የረሳችበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

ከምሳ በኋላ የዶሮውን ነገር በእጅና በስልክ ትርጉም አስረዳናት። ምን እንደገባት አላውቅም። ብቻ ወደ ታች ወርዳ አውራ ዶሮውን ያዘች፣ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው፣ ሞተር ሳይክሏ ኋላ ላይ አስራ ወንድሟ ቤት ወሰደችው። ዶሮው እየሄደ በቅርጫቱ ቀዳዳ ያየን ነበር። በእናቴ ዕረፍት ምክንያት የተሰደደ ዶሮ ስለሆነ ዛሬም አዝንለታለሁ።

በመጨረሻ የተመረጠው የሩዝ ጎተራው ነው። መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ወፍራም ጣውላ ነው፣ ጆንያዎቹ ድምፅ ይውጣሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሁለት ብርድ ልብስ በሩ ላይ ሰቀለች፣ ጆንያ አስተካክላ መቀመጫ ሠራች። ባለቤቲቱ አልፎ አልፎ ብቅ ብላ ታየናለች። ካናዳውያን ለዕረፍት ሲመጡ እንዲህ ነው የሚያደርጉት ብላ ሳታስብ አትቀርም።

ዝናቡ ወቅቱ አልፏል ተብሎ ነበር። ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን መጣ። የጎተራው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ድምፅ ለመስማት መጮህ ነበረብን። እናቴ ሌላ ቦታ የለንም አለችና ሦስተኛ ብርድ ልብስ በራሷ ላይ ደረበች፣ ስልኩን ውስጥ አስገባች፣ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መክፈቻው መዝሙር ነበር። አርባ ሰው በአርባ ቅኝት ሲዘምር ዝናብ አይሰማም።

መዝሙሩ ሲያልቅ ዝናቡም ቆመ። አንድ ላይ። እፎይ አልን።

ከዚያ እንቁራሪቶቹ ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከመደቡ በኩል፣ በወፍራም ድምፅ። ሌላው መለሰለት። ከዚያ ማሳው በሙሉ። ብርድ ልብስ፣ ጆንያ፣ ጣውላ የሚባል ነገር አያግዳቸውም። እናቴ ምልክት ስትሰጠኝ እከፍታለሁ፣ ትንፋሽ ስትወስድ እዘጋለሁ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አፏን ስልኩ ላይ ልትለጥፈው ምንም ሳይቀራት፣ አውቶቡስ ለሚጠብቁት፣ መኪና ለማይነሳላቸው፣ እግራቸው በበረዶ ለሚንሸራተት ትጸልያለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። ብርድ ልብሱ ውስጥ በስልኩ ብርሃን ዓይኗን አየሁት፤ ባቡር ጣቢያው ላይ የተኛችው ሴት ዓይን ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ነገ ጠዋት እንመለሳለን። መደቡ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጠችም። ሦስት ቀን ማንም እንዳያገኛት ጥበቃ ቆማ ነው የከረመችው።

አሜን ብላ ስትጨርስ ጣቴን አነሳሁ። መስመሩን አልዘጋሁትም።

የጸሎት ርዕስ መቀባበል ተጀመረ። አንዱ ስለ ሥራ ተናገረ፣ እትዬ ስለ ጉልበታቸው ጀመሩ። እንቁራሪቶቹ ከእትዬ ጉልበት በላይ ጮኹ። ጋሼ አቋረጡ።

«ቆይ፣ ማንም አይናገር። ይኼ እንቁራሪት ነው።»

እትዬ ቴሌቪዥን ይሆናል አሉ። ጋሼ በሌሊት ማን ነው ስለ እንቁራሪት የሚያይ አሉ። ልጅ ሆነው ቤታቸው ግድብ አጠገብ እንደነበር፣ እንቁራሪት እንዲህ የሚጮኸው ዝናብ እንዳባራ እንደሆነ፣ ካልጋሪ ደግሞ ዝናብ ካየች ሁለት ወር እንዳለፋት አስረዱ። ከዚያ በዚያ በጠራ አማርኛቸው፣ እንደ ዳኛ፣ ዝናብ ያለበት አገር ያለ ሰው ይናገር አሉ።

እናቴ ስልኩን አየች። መስመሩ ክፍት መሆኑን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ጆንያውን አየሁ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች።

«የት ነሽ?»

«ታይላንድ።»

ከዚያ መስመሩ ላይ የተሰማውን ትንፋሽ ልነግራችሁ አልችልም፤ አርባ ሰው በአንድ ላይ ደነገጠ። እትዬ በምን ታመምሽ ልጄ አሉ፣ ድምፃቸው ለለቅሶ ተዘጋጅቷል። ለእኛ ሰዎች እንደዚያ ርቆ የሚሄድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰው ሞቶበታል።

«ምንም አልሆንኩም እትዬ። ላርፍ ነው የመጣሁት።»

ይህን ቃል ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሌባ ነበር። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። መስመሩን ልዘጋው እጄን ሰነዘርኩ። ጋሼ ግን ቀደሙኝ። አሁን የት ተቀምጠሽ ነው የምታወሪው ብለው ጠየቁ። እናቴ አትዋሽም።

«ጎተራ ውስጥ ነኝ። ብርድ ልብስ ለብሼ።»

«በሙቀት?»

«አዎ።»

መጀመሪያ የሳቀው አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ከኋላው የመኪና ድምፅ ስለነበር አወቅኩት። ከዚያ እትዬ ሳቁ፣ እትዬ ሲስቁ ደግሞ ያስላቸዋል። ከዚያ ሁሉም። እናቴ ብርድ ልብሱን ከራሷ ላይ ገለጠችና እሷም ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ፣ ጆንያው ላይ እየተንከባለለች። በሩ ላይ የሰቀልነው ተከፍቶ ባለቤቲቱ ፋኖስ ይዛ ገባች፣ አየችን፣ ምክንያቱን ሳትጠይቅ አብራን ሳቀች።

ጋሼ ሳቁ ሲበርድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቺ ጸልየሻል፣ ዛሬ እኛ እንጨርሰዋለን አሉ። ሳቄን ሰምተው ኖሮ፣ ስልኩን ለልጅቷ ስጪ፣ አንቺ ውጪ አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ በትልቅ ሰው ድምፅ፦

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ጥሩ ቦታ አስቀምጪያትና ስልኩን ወደ እንቁራሪቶቹ አቅርቢው። እኛም እንስማ።»

መደቡ ላይ ወጣን። ጣውላው ርጥብ ስለነበር ባለቤቲቱ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። እናቴ እግሮቿን ወደ ውሃው አንጠልጥላ ተቀመጠች። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ወደ ማሳው ዘረጋሁት። ካልጋሪ ውስጥ በየበረዶው፣ በየመኪናው፣ በየአልጋው ያሉ ሰዎች አዳመጡ። የጋሼ ማንቆርቆሪያ ብቻ ጮኸች። ከዚያ እሳቸው አጭር ጸሎት ጸለዩ፤ ሁሉንም ጠቅሰው የእናቴን ስም ለመጨረሻ አስቀመጡት፣ ምንም አልለመኑላትም፣ ስለ እሷ አመሰገኑ ብቻ።

መስመሩ ሲዘጋ እናቴ ዘወር ብላ ሳታየኝ መዝጋቱን ረሳሽው ወይ አለችኝ።

«አልረሳሁም» አልኩ።

ተነሳች። ቁጣው ሊመጣ ነው ብዬ ትከሻዬን አጠበብኩ። ወደ ተንጠልጣዩ አልጋ ሄደች፣ በየት በኩል እንደሚገባበት ግራ ገብቷት ሁለቴ ሊገለብጣት ሲል ባለቤቲቱ ያዘችላት። ከተመቻቸች በኋላ እጇን ከጨርቁ ውስጥ አውጥታ ወደ ስልኩ ጠቆመችና አንቺ ጋ ይቆይ አለችኝ።

«አሁን ይጀምራሉ። ለሁሉም አንቺ ትመልሺያለሽ። በአማርኛ። አሳጥረሽ አይደለም፣ እንደ ሰው።»

ቅጣት ነበር። አማርኛ የምጽፈው ለልደት ካርድ ብቻ ነው። ሳትጨርስ ስልኩ እጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዷ በርበሬ ይዛችኋል ወይ ትላለች። አንዱ እባብ አለ ወይ ይላል። አንዷ እህታችን መቼ ትመለሳለች፣ ማን ይቀበላታል፣ እኔ ኤርፖርት እመጣለሁ ትላለች። ዓርብ ብዬ ስመልስ ማርቲንዴል የምትኖር አንዲት ሴት ለሦስት ቀን ያን ያህል መንገድ እብደት ነው ብላ ጻፈች፤ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ስንት ክፍል አለው ብላ ጠየቀች። ፊደል እየፈለግኩ፣ እያጠፋሁ፣ እንደገና እየጻፍኩ መለስኩ። በርበሬ አልያዝንም፣ ግን ቃሪያ ሰባት በልታለች። እባብ አላየንም። ክፍሉ ሦስት ነው። አራተኛው መልእክት ላይ ስደርስ ቅጣቱ እየጣፈጠኝ እንደሆነ ታወቀኝ፤ ስለ ተሰደደው ዶሮ ማንም ሳይጠይቀኝ ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩ።

የእትዬ መልእክት ድምፅ ነበር። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ማክሰኞ እሳቸው እንደሚመሩ፣ ጉልበታቸውን እንጂ አፋቸውን እንደማያማቸው፣ አሁን ግን አንድ ነገር ሊጠይቋት ስለፈለጉ ስልኩን እንድሰጣት ይሉኛል።

ቀና አልኩ። እናቴ አፏን ከፍታ ነበር፣ አንድ እጇ ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ። ባለቤቲቱ የጎተራውን ብርድ ልብስ አምጥታ እያለበሰቻት ነው። የስልኩን ብርሃን አየችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተኝታለች እትዬ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ አሰብኩና ጨመርኩበት፦ «ታንኮራፋለች።»